ቁልፉን ለማስረከብ፦ የአንዲት የደሴ ገንዘብ ያዥ ጉዳይ

እትዬ ከደብራቸው ገንዘብ ያዥነት መልቀቂያቸውን የጻፉት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። የደብተር ግማሽ ገጽ እንኳ አትሞላም። «ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ጉልበቴም አልታዘዝ ብሎኛል፤ ገንዘብ ያዥነቱን ለሌላ ሰው ስጡልኝ» ትላለች። ከሥሯ ፊርማና ቀን አለ። ያነበባት ሰው ነገሩ በሳምንት የሚያልቅ ይመስለዋል። የፈጀው ግን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ነው።

ይህን የምጽፈው በእሳቸው ፈቃድ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ደብሩንም አልጠራም። ደሴ ውስጥ ነው፣ ይበቃል። እኔ ኮምቦልቻ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እትዬ የእናቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ ልጅ ሳለሁ ከእኛ ቤት ይልቅ እሳቸው ቤት ነበር የምውለው። ነገሩ ሲወሳሰብባቸው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አንተ ሒሳብ ታውቃለህ። እሑድ እሑድ ብቅ በልልኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስንት እሑድ የሐረጎን ዳገት እንደወጣሁ አልቆጠርኩም።

እትዬ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ የተቀበሩትም እዚያው ደብር ቅጥር ግቢ ነው። በ2006 ዓ.ም. የአጥቢያው ምእመናን አጥቢያውን ለሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤ መረጧቸው። ጉባኤው ደግሞ ገንዘብ ያዥ አደረጋቸው። የአንድ ምርጫ ዘመን ሦስት ዓመት ነው። እሳቸው ሦስት ጊዜ ተመርጠው ዘጠኝ ዓመት ቆዩ። ደመወዝ የለውም። ሥራው ግን ሥራ ነው። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት መገኘት፣ ከኮሚቴው ጋር መቁጠር፣ ቃለ ጉባኤው ላይ መፈረም፣ በማግስቱ ባንክ ማስገባት። የአባላትን የዓመት ክፍያ በካርኒ መቀበል። ለካህናቱና ለዘበኞቹ ደመወዝ መክፈል። የንግሥ በዓል ሲደርስ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፤ ሳንቲሙ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ይመሻል።

ይህ ኃላፊነት ከየት እንደመጣ ትንሽ ልበል፤ ጉዳዩን ለመረዳት ይጠቅማል። ሰበካ ጉባኤ የሚተዳደርበት ደንብ ቃለ ዓዋዲ ይባላል። የወጣው በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነው። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንድ ላይ ሆነው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ ነው ሐሳቡ። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች። ከዚያ ወዲያ አጥቢያ የሚኖረው በምእመኑ መዋጮ፣ በስለትና በሙዳየ ምጽዋት ሆነ። እንግዲህ የአጥቢያ ገንዘብ ያዥ የያዘው የደሃ መቀነት ገንዘብ ነው። እትዬም ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የሚሉት። አንዲት ሳንቲም ብትጎድል የሚያስደነግጣቸው ለዚህ ነው።

ጉባኤው ደብዳቤውን አልቀበልም አላለም። ዝም አለ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። በሦስተኛው ወር አንድ የጉባኤው አባል ተነሥተው «ከመልቀቃቸው በፊት የ2014ቱ ሒሳብ ይጥራ» አሉ። እውነቴን ነው የምለው፣ ጥያቄው ትክክል ነበር። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቃለሁ። ችግሩ ጥያቄው ከስብሰባው ወጥቶ ሰንበቴው ላይ ሲደርስ ሌላ መልክ መያዙ ነው። «የሚለቁት ገንዘብ ጎድሎባቸው ነው» ተባለ። ከዚያ ለቅሶ ቤት ተወራ። ከዚያ ቡና ላይ።

አሁን ወደ 2014 ልመለስ። ጥቅምት 20 ካለፈ በኋላ ደሴ በሰሜኑ ጦርነት ከመንግሥት እጅ ወጣች፤ ኅዳር 27 መመለሷ ተነገረ። ኅዳር ሚካኤልም ኅዳር ጽዮንም በዚያ መሃል አለፉ። ከተማው ግማሹ ተሰዷል፤ የቀረውም በሩን ዘግቷል። እትዬ ቤት በዚያ ሰዓት ሦስት ካርኒ ነበረ። አንዱ እስከ ግማሽ የተሠራበት ነው፤ ሁለቱ ያልተነኩ ናቸው። ልጆቻቸው ወደ ደብረ ብርሃን ሊወስዷቸው መኪና ይዘው በር ላይ ቆመዋል። እሳቸው የተሠራበትን ካርኒ፣ የባንክ ደብተሩንና የዕለት መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለው ለጎረቤታቸው ሰጡ። ጎረቤቱ እኛ ልጆች አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው። «የትም አልሄድም፤ ሞትም ከመጣ እዚሁ ያገኘኛል» ብለው የቀሩ ሰው። ያልተነኩት ሁለት ካርኒዎች ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ቀሩ። በዚያ ጥድፊያ ባዶ ወረቀት ማን ያስታውሳል?

ሲመለሱ በራቸው ተሰብሯል። ቁም ሣጥኑ ባዶ ነው። አባባ ፌስታሉን ከዱቄት በርሜላቸው ሥር አውጥተው ሰጧቸው። ዱቄቱ እንኳ አልነካውም ይላሉ እትዬ ሲያወሩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው ሒሳቡን ያበላሹት። ባንክ ሥራ እስኪጀምር ጊዜ ወሰደ። የደብሩ በር ተገንጥሏል። ዘበኞቹ ደመወዝ አላገኙም። ዕጣንና ጧፍ አልቋል። ሕዝቡ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጎርፏል፤ በሕይወት የተመለሰ ሁሉ ስለቱን ያስገባል። ሙዳየ ምጽዋቱ ተቆጥሮ የገባው ገንዘብ እትዬ እጅ ላይ ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ «ለአናጺው ክፈሉ፣ ለዘበኛው ክፈሉ» ይላሉ፤ እሳቸው ይከፍላሉ። ገቢው በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ወጪው ግን ማዘዣ የለውም፣ የተቀባይ ፊርማም የለውም። ሁሉም ሰው «ነገ እንጽፈዋለን» ይል ነበር። ያ ነገ አልመጣም።

መዝገቡን አገላብጬ የደረስኩበት ሁለት ነገር ነው።

የመጀመሪያው የጠፉት ካርኒዎች ናቸው። ብዙ ሰው ይህን አቅልሎ ያየዋል፤ «ባዶ ነው፣ ምን አለበት» ይላል። የለም። የደብሩ ማኅተም ያረፈበት ባዶ ካርኒ ከገንዘብ ይብሳል። ገንዘብ ከጠፋ የጠፋው ያው ነው። ካርኒ ከጠፋ ግን ያገኘው ሰው በደብሩ ስም ከቤት ቤት ዞሮ መሰብሰብ ይችላል። ነገ አንዱ ምእመን ከዚያ ካርኒ የተቆረጠ ደረሰኝ ይዞ «ይኸው ከፍያለሁ» ቢል ተጠያቂዋ እትዬ ናቸው፤ ካርኒው የወጣው በእሳቸው ፊርማ ነውና። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ገረጣ። ደግነቱ ንብረት ክፍሉ ካርኒ ሲያወጣ ተከታታይ ቁጥሩን የሚጽፍበት መዝገብ ተርፏል። ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው እንደጠፋ አወቅን። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አስመዘገብን፤ ማስረጃውን ወሰድን። ከዚያ አስተዳዳሪው ለአራት እሑድ አውደ ምሕረት ላይ ቁጥሮቹን አስነበቡ። «በእነዚህ ቁጥሮች የሚሰበስብ ሰው ካያችሁ የእኛ አይደለም» ተባለ። በመጀመሪያው እሑድ እትዬ አልመጡም። እፍረት ነው።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ገቢና ወጪውን፣ የባንክ ስቴትመንቱንም አስተያይቼ 23,400 ብር ማስረጃ የሌለው ወጪ አገኘሁ። ጠፋ አላልኩም። ማስረጃ የለውም ነው ያልኩት። በሒሳብ ቋንቋ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ በቡና ላይ ግን ሁለቱም «ጎደለ» ነው የሚባሉት። ስለዚህ ገንዘቡን የተቀበሉትን ሰዎች ፍለጋ ወጣን። ሥራውን የወደድኩት ያኔ ነው። አንዱ ዘበኛ አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ላይ ነው የሚሠራው፤ በምሳ ሰዓቴ ሄጄ አገኘሁት። «ወላሂ ነው የምልህ፣ ሳልሞት ያበሉኝ እሳቸው ናቸው» አለና ፈረመልኝ። ዘበኛው ክርስቲያን ነው፤ ወሎ ውስጥ እንዲህ ብሎ መማል ለማንም እንግዳ አይደለም። ጧፍና ዕጣን የሸጠችው ሴት ፒያሳ አካባቢ ናት። እሷም ፈረመች። አናጺው ደግሞ ከሁላችንም በልጦ ተገኘ። የራሱ ትንሽ ደብተር አለው። ቀኑን፣ የሳንቃውን ብዛትና የተቀበለውን ብር አንድ በአንድ ጽፏል። ማንበብ እንጂ መጻፍ ብዙ አይሆንለትም፤ ቁጥሩ ግን ጥርት ያለ ነው። ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርገን አያያዝነው።

እንዲህ እንዲህ እያልን 19,000 ብሩን አጠራን። 4,400 ብር ቀረ። ከተቀባዮቹ አንዱ ከተማውን ለቆ ሄዷል፤ አድራሻውን የሚያውቅ የለም። ሌላ ጥቃቅን ወጪም አለበት፤ ማንም በእርግጠኝነት አያስታውሰውም።

እዚህ ላይ ከእትዬ ጋር ተጣላን ማለት እችላለሁ። እሳቸው ከጡረታቸው አውጥተው ሊከፍሉ ፈለጉ። «ስሜ ከሚነሣ ብሩ ይውጣ» አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። ሰው ያላጠፋውን ሲከፍል የሚያይ ሁሉ አጥፍቷል ይላል። ሒሳቡም አይጠራም፤ የተከፈለው ብር ገቢ ሆኖ ይመዘገባል እንጂ ያ ወጪ ማስረጃ አያገኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀጣዩ ገንዘብ ያዥ ምን ይማራል? ሰነድ ባይኖር ከኪስ መክፈል ነው ብሎ ነው የሚማረው። እንዲህ ከሆነ ገንዘብ ያላቸው ብቻ ናቸው ቤተ ክርስቲያንን ማገልገል የሚችሉት። እትዬ ሰሙኝ። እሺ ግን አላሉኝም። ለሁለት እሑድ ምሳ አቅርበውልኝ አብረውኝ አልበሉም።

ወረቀቱ አንድ ነገር ነው። ከወረቀቱ ጎን የሆነው ግን የበለጠ አሳዘነኝ። እትዬ ከዚያ ደብር ቀሩ። እሑድ ሲሆን ባጃጅ ይዘው ከተማው ሌላ ጫፍ ያለ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ግድግዳ ተጠግተው አስቀድሰው ሰው ሳያያቸው ይመለሳሉ። የሰንበቴ ማኅበራቸውን ተዉ። ከኃላፊነት ልልቀቅ ያሉ ሴት ቀስ በቀስ ከሰው ሁሉ እየለቀቁ ሄዱ።

አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ የጦሳን ተራራ ፊት ለፊት እያየን ተቀምጠን ሳለ ድንገት «ከለቀቅሁ የት ልቀበር ነው?» አሉኝ። ክው ነው ያልኩት። ባላቸው እዚያ ናቸው። መልቀቂያው ከተፈረመ ከአጥቢያው አባልነትም የሚሰረዙ መስሏቸው ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ወር ይዘውት የኖሩት ፍርሃት ይህ ነው።

እኔ ሒሳብ እንጂ ቀኖና አላውቅም። ስለዚህ የነፍስ አባታቸውን አመጣሁ። ቄሱ ቡናቸውን እየጠጡ በቀስታ አስረዷቸው። መልቀቅ አንድ ቃል ሆኖ ሦስት ነገር ነው። ኃላፊነት አለ፤ በምርጫ ይመጣል፣ በመልቀቂያና በርክክብ ያልቃል። አጥቢያ አለ፤ የሚቀየረው ሰው ሰፈር ሲለውጥ ነው፣ መሸኛ ይጻፍለታል፣ አዲሱ አጥቢያ ይመዘግበዋል። ክርስትና፣ ጋብቻና ፍትሐት ሲመጣ የሚጠየቀው ይህ ምዝገባ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አለች፤ እሷ ውስጥ የተገባው በጥምቀት ነው፣ ጥምቀት ደግሞ በማኅተም አይሰረዝም። «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት፣ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን ብለው ዕለት ዕለት የሚጸልዩ ሴት እንዴት ይህን ይፈራሉ?» አሏቸው። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ የዓመት ክፍያዎን እስከከፈሉ ድረስ የአባልነት ካርድዎን የሚነካ የለም አሏቸው። እትዬ አለቀሱ። በማግስቱ፣ ከቀሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ደብራቸው ሄዱ።

ቄሱ የተናገሩት አዲስ ነገር አልነበረም። ግን ለዘጠኝ ዓመት ያገለገሉ ሴት ይህን የሚነግራቸው ሰው ማጣታቸው እኛን ሁላችንን ያስወቅሰናል። ሰው ሥራ ልልቀቅ ሲል መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ካዝናው ነው። ስለ ሰውየው የሚጠይቅ ዘግይቶ ይመጣል።

የምስክር ነገርም ነበረ። ካርኒዎቹ እንዴት ለሁለት ተከፍለው እንደተቀመጡ የሚያውቁት አባባ ብቻ ናቸው። ጉባኤው ውስጥ አንድ ሁለት ሰው «የደብር ሒሳብ ላይ የእስላም ምስክር እንዴት ይሆናል?» አሉ። ሌሎቹ ዝም አሉ። አስተዳዳሪው ናቸው የቆረጡት፦ «እኛ ስንሸሽ የደብሩን መዝገብ የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ አምነናቸው ዛሬ አናምናቸውም?» አሉ። አባባ ቃላቸውን ሰጡ። እንዲጻፍ የፈለጉትን ነገር አስጻፉ፤ ፌስታሉ ሲሰጣቸው ስንት ዕቃ እንደነበረበት፣ ሲመልሱም ስንት እንደነበር። ፈረሙ። ከሰነዱ ጋር ተያያዘ።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ ሰበካ ጉባኤ ተመረጠ። ይህም ረዳን፤ የሚረከብ ሰው ተገኘ። አዲሱ ገንዘብ ያዥ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ወጣት ነው፣ ትዕግሥት አለው። ጉባኤው ተሰብስቦ 4,400 ብሩን «በጦርነቱ ምክንያት ማስረጃ ያልተገኘለት ወጪ» ብሎ እንዲይዘውና ለበላይ አካል እንዲያሳውቅ ወሰነ። መጀመሪያ ጥያቄውን ያነሡት ሰው አዲሱ ጉባኤ ውስጥም አሉ። ተቃወሙ። አንዳንዶቹ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ እንዲባል ሊለምኗቸው ጀመሩ። እትዬ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ተዉአቸው፤ ተቃውሟቸው እንዳለ ይጻፍ። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እቃወም ነበር» አሉ። ተጻፈ። በዚያ ስብሰባ ላይ ከእኔ ሒሳብ ሁሉ ይልቅ ሐሜቱን የገደለው ይህ ይመስለኛል።

ርክክቡ ሁለት ቀን ፈጀ። ግንቦት ላይ ነው። ካዝናው ተከፈተ፤ ብሩ ተቆጠረ። የተሠራባቸው ካርኒዎች ቀሪያቸው ከነቁጥራቸው ተዘረዘረ። ያልተሠራባቸው ተቆጠሩ። የባንክ ደብተር፣ የዕለት መዝገብ፣ የቃለ ጉባኤ ቅጂዎች፣ የፖሊስ ማስረጃው፣ የአናጺው ፎቶ ኮፒ ሁሉም በዝርዝር ገባ። በሦስት ቅጂ ተፈረመ፤ አንዱ ለአስረካቢ፣ አንዱ ለተረካቢ፣ አንዱ ለደብሩ ጽሕፈት ቤት። አንድ ነገር ልንረሳ ነበር። የባንክ ሒሳቡ በጥምር ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የእትዬ ፊርማ አሁንም አለበት። ቁልፍ አስረክቦ ፊርማ ባንክ ላይ መተው ግማሽ መልቀቅ ነው። ጉባኤው ቃለ ጉባኤና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጽፎ ሁለቱም አብረው ባንክ ሄዱ። ፊርማው ተቀየረ። እትዬ ያን ቀን ነው «አሁን ለቀቅሁ» ያሉት። እውነታቸውን ነው።

መጨረሻ የሰጡት የሙዳየ ምጽዋቱን ቁልፍ ነው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ቋጥረውት ነበር የሚሄዱት።

ጉባኤው ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ። ገንዘብ ያዥ ለቀቀም አልለቀቀም፣ በየዓመቱ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ካርኒው፣ ገንዘቡና ንብረቱ በኮሚቴ ይቆጠራል። የ2016ቱ ሰኔ 30 ቆጠራ ተደርጓል፤ እትዬንም በታዛቢነት ጠርተዋቸው ነበር። ጉልበታቸውን አመመኝ ብለው አልሄዱም። ለምን እንዳልሄዱ ስጠይቃቸው «ልጁ ይሥራበት፤ እኔ ከተቀመጥኩ እኔን እኔን ያያል» አሉኝ።

አሁን እሑድ እሑድ በሴቶች በር በኩል፣ ከባላቸው መቃብር አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ነው የሚቆሙት። ሰንበቴያቸውም ተመልሰዋል። ባለፈው የዓመት ክፍያቸውን ሲከፍሉ አብሬ ነበርኩ። ወጣቱ ካርኒውን ቆርጦ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ቁጥሩን አነበቡ፣ ቀኑን አነበቡ፣ ፊርማውን አዩ። ከዚያ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።